«ጋሼ፣ ኳሷን ያቀብሉን!»

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በመጻሕፍት አምዳችሁ ልጅነትንና ጉርምስናን የሚተርኩ ልቦለዶች በተዳሰሱ ቁጥር ሐያሲው የሚመዝነው መልእክታቸውን ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። መጽሐፉ ስለ ድህነት ምን አለ፣ ወላጆችን ምን መከረ የሚለው በሰፊው ይተነተናል፤ ባለታሪኮቹ እንዴት እንደሚነጋገሩና ደራሲው ምን እንዳሳየን ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አይደርሰውም። ለዓመታት አማርኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከመጽሐፍ ጋር ሲያቆራኛቸው ያየሁት ይኸው የሚዘለለው ነገር ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከምልልስ ልጀምር። አንተና አንቱ የሚለይ ቋንቋ ላለው ደራሲ የማደግ ታሪክ ግማሹ ተጽፎለታል ማለት ይቻላል። ዕድሜዬ ዐሥራ ሰባት ገደማ ሳለ፣ እስከ ዓምና ድረስ አብሬያቸው ስራገጥ የነበሩ የሰፈር ልጆች ኳስ እግሬ ሥር ተንከባላ መጣችና አንዱ ከሩቅ «ጋሼ፣ ኳሷን ያቀብሉን!» አለ። ማንን እንደሚጠራ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ማንም አልነበረም። ልጅነቴ ማለቁን ያረዳችኝ «ያቀብሉን» የምትል አንዲት ግስ ናት።

ይህ ሀብት እጃችን ላይ እያለ፣ ዛሬ ዛሬ በሚታተሙ በርካታ የልጅነት ታሪኮች ውስጥ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፣ አያቱና የቀበሌው ሊቀመንበር በአንድ አፍ ይናገራሉ። አንዱን ጮክ ብዬ ለልጄ ሳነብለት፣ ባለታሪኩ ለእናቱ ስለ ፍትሕ መጓደል ረጅም ማብራሪያ ሲሰጥ ጊዜ «ይኼ ልጅ ዜና አንባቢ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በፍቅር ታሪክነቱ ቢታወቅም፣ ለእኔ ከሁሉ በፊት የበዛብህ የማደግ ታሪክ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ስለተሳሉት፣ በዛብህ ሌሎች የገቡለትን ቃል ተሸክሞ ያድጋል፤ በኋላ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲቀመጥ ደግሞ ያ ቃልና ገና ከአንደበቱ ያልወጣው የራሱ ቃል ይጋጩበታል። በዚህ ቦታ መምህሩ ለተማሪው የሚሰነዝራት ተራ ጥያቄ እንኳ ልብ ታንጠለጥላለች። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ በአንድ ድምፅ ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሣ ለይቶ ማሰማት የቻለው በተዋናይነት ችሎታው ብቻ አይመስለኝም፤ የፊታውራሪው ትምክህትና የጉዱ ካሣ ሽሙጥ ከወረቀቱ ጀምሮ የየራሱ ዜማ ነበረው።

በምስል በኩል ያለኝ ቅሬታ ከ«አንገተ ብርሌ» እና ከ«ተረከዘ ሎሚ» ጋር ነው። አባባሎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ሆኖም የአዝማሪን ዓይን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማዋስ አይሆንም። አንዲት ተማሪዬ በድርሰቷ የታላቅ ወንድሟን የዩኒፎርም ሱሪ ገልጻ ነበር። እናታቸው በየመስከረሙ ቅምቅማቱን እየፈታች ስታስረዝመው የቀድሞው እጥፋት መስመር ሠርቶ ይቀራል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ጨርቅም ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ይላል። ልጅቷ መስመሮቹን ትቆጥራለች፤ ሁለት ናቸው። «ችግር» ወይም «ማደግ» የሚል ቃል በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ብሎ አዳመጣት። የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ የራሱን ሱሪ ጫፍ ሲያይ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ሐያስያኑ ቀጣዩን የልጅነት ታሪክ ሲዳስሱ ከመልእክቱ ትንተና ጥቂት ቀንሰው፣ ከምልልሱ ዐሥር መስመር ያህል እንዳለ እንዲያወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። መጽሐፉን እንግዛው አንግዛው እኔና ልጄ ከዚያ እንወስናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር