ከኮሎ መጠቅለያነት ላተረፋችሁን

ሰላም ወዳጆቼ፣

ጅማ ላይ እናወጣው የነበረው የግብርና ምርምር ጆርናላችን መዘጋቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይሄ የሐዘን ደብዳቤ አይደለም፣ ምስጋና ነው። መሃል ላይ ትንሽ ወቀሳ ጣል ካደረግኩ ይቅር በሉኝ። ስንት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ የያዘ እጅ ቶሎ አያርፍም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት መርካቶ፣ የኛው የጅማ መርካቶ ኮሎ ስገዛ ነው። ሴትየዋ ወረቀቷን ጠቅለል አድርጋ ገብስና ሽምብራውን ሞላችልኝ። ባጃጅ ውስጥ እየቆረጠምኩ ወረቀቱን ገለጥ ሳደርገው ሰንጠረዥ ነው። የቡና ጥላ ዛፎች ሰንጠረዥ፤ ሳሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ። እኔው ራሴ ያረምኩት! ኮሎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ባጃጁን አስመለስኩት።

"ጋሼ፣ አጎደልኩብዎት እንዴ?" አለችኝ።

ከአጠገቧ ያለውን ቁልል በሙሉ ገዛኋት። ለካ የኛ ቢሮ ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ኖሯል። መጋዘን የነበሩት የድሮ እትሞችም ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር በኪሎ ተሸጠዋል። ማን እንዳዘዘ አልጠየቅኩም። ባውቀው ምን አደርገዋለሁ?

ለወጣቶቹ አጀማመራችንን ልንገራችሁ። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1952 ከአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ በመጡ ሰዎች እገዛ የተከፈተ ነው። እዚያው ጅማ፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ የቡና ቤት ነው። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሁሉም ሰው ሲቢዲ የሚለው፣ አገራችን ገባ። ፍሬው ሳይበስል ዛፉ ላይ እየጠቆረ ረገፈ። የምርምር ሰዎች በየማሳው፣ በየጫካው እየዞሩ በሽታውን የቻለውን ዛፍ ፈለጉ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዝርያዎች፣ 74110 እና 74112፣ የመጡት ከዚያ ልፋት ነው። 74 የሚለው የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው፣ 1974። ይሄን ያህል የሚሠራበት አገር ውጤቱን የሚያወጣበት የራሱ ደጅ ይኑረው አልን። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ደጉ ጊዜያችን ደግ ነበር። አንዴ ግን በሄክታር 18 ኩንታል የሚለው 180 ተብሎ ታተመ። በአጋሮ በኩል ያለ የልማት ሠራተኛ ደወለና "ይሄን ዘር ለኔም ላኩልኝ፣ ሥራዬን ልልቀቅ" አለን። ያን ሌሊት አልተኛንም። ትክክለኛውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት እያተምን በየእትሙ ላይ ለጠፍን። እኩለ ሌሊት ላይ ሙጫው አለቀ። ቢሮውን የምታጸዳልን እቴቴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ እሳት ላይ አማስላ ሙጫ ሠራች። ቡናውንም እሷው አፈላች። የአርትኦት ቦርዱ ስም በየእትሙ ሽፋን ጀርባ ወጥቷል፣ የእሷ አንድም ቀን አልወጣም። እቴቴ፣ ዛሬ ከሁሉም በፊት ላንቺ ነው። ስምሽን እንዳልጽፍ ስለከለከልሽኝ ነው የተውኩት።

ቀጥሎ ጽሑፎቹን ሳይታተሙ በፊት ለመረመራችሁልን ገምጋሚዎች። በነፃ ነው የሠራችሁት። እውነቱን ልናገር፣ አንድ ጽሑፍ ይዞ ዘጠኝ ወር የተቀመጠ አለ፤ በዘጠኝ ወር ልጅ ይወለዳል። ከዚያ "ጥሩ ነው" የሚል አንድ መስመር ላከልን። ግን ደግሞ በሦስት ሳምንት ሳያዛንፉ የሚመልሱ፣ እያንዳንዱን አማካይ በእጃቸው ደምረው የሚያጣሩ አንድ ጡረተኛ ነበሩን። ወረቀታቸው ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት አይጠፋም። እሳቸው ሲያርፉ ጆርናሉ ግማሽ ጎኑን አጣ።

አዘጋጉን በአጭሩ ልለፈው። የማተሚያ ዋጋ ናረ። ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ለእድገት የሚቆጠርላቸውን የውጭ ጆርናል መረጡ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ እትም የሚሞላ ጽሑፍ አጣን። አንድ ወዳጄ ሊያጽናናኝ "የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እንኳ በ1913 የጀመረውን ትልቁን ጆርናሉን በ1949 ዘግቶታል" አለኝ። እሱማ ልክ ነው። ግን እነሱ 78 ቅጽ አውጥተው ነው፣ ደግሞም ኮሎ አልጠቀለሉበትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የኮሎውን ነገር ለቀድሞ ተማሪዎቼ ነግሬ የተበተኑትን እትሞች እንሰብስብ ስላቸው ስልኬ አላርፍ አለ። የዚያ ጡረተኛ ገምጋሚ ባለቤት በላስቲክ የተጠቀለለ ጥራዝ አወጡልኝ። "እሱ ሳያነበው የሚጥለው አልነበረም" አሉኝ። እማማ፣ እግዜር ያክብርልኝ።

ከጎማ ወረዳ ደግሞ ድሮ ማሳቸው ላይ ሙከራ የሠራንባቸው አባት ሁለት እትም ከቆርቆሮ ሳጥን አውጥተው ላኩልን። እንግሊዝኛ አያነቡም። ለምን እንዳስቀመጡት ስጠይቃቸው "ማሳዬ እዚህ ውስጥ አለ ብላችሁኝ የለም?" አሉኝ። አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስለገበሬው ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ጻፍን። ይሄን ስህተታችንን አንድም ገምጋሚ በቀይ አላሰመረበትም። አባቴ፣ ለእርስዎ በሚቀርብዎት ቋንቋ ገለቶማ።

ግቢው በር ላይ ፎቶኮፒ ለሚሠራው ልጅም አለኝ። መብራት በሄደ ቁጥር እየጠበቀ፣ በመጣ ቁጥር ከእንቅልፉ እየተነሳ ሁሉንም ስካን አደረገው። ሂሳብ ስጠይቀው "የቡናውን ገጽ አንብቤ አባቴን መከርኩበት፣ ተከፍሎኛል" አለኝ። የባጃጁ ሾፌርም ካርቶኖቹን ዝናብ እንዳይነካቸው ብሎ የራሱን ሸራ አልብሶ፣ እሱ በስብሶ ደረሰ።

እንግዲህ ያላገኘነው አንድ እትም ብቻ ቀርቶናል። ቅጽ 3፣ ቁጥር 2፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው። ቤታችሁ ካለ፣ ሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበትም ከመጣላችሁ፣ እባካችሁ ሳትጥሉት ደውሉልኝ።