የጓጉንቸሩ ድምፅ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ?

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከውስጤ አልወጣም። «እኔ ስሞት ይህን ልጅ ማን ያየዋል?» አልሽኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «እኔ አለሁ» አልኩሽ። ከዘጋሁት በኋላ ግን መልሴ ጎደሎ መሰለኝ። በስልክ ደግሞ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ቁልፉ ላውራ። ወንድሜ የአእምሮ ሕመሙ የጠናበት ሰሞን ሌሊት ሌሊት በሩን ከውጭ እንቆልፍበት ነበር። ጓጉንቸሩን ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ የቆለፍሽው እያለቀስሽ ነው። ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ብለን እንጂ ክፋት አልነበረንም። አምና ስለዚያ ጊዜ ስናወራ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያነሳው ያንን ጓጉንቸር ነው። «ከምሰማቸው ድምፆች ሁሉ የሚያስፈራኝ የሱ ነበር» አለኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

እማዬ፣ አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ያኔ ማን አገዘሽ? ጎረቤት ሸሸ፣ ዘመድ አፍሮብን ቀረ። ሕክምና በቅርብ ሲጠፋና ቤተሰብ ብቻውን ሲቀር ጓጉንቸር ይገዛል። ለዚህ ነው የሕሙማን መብት ሲነሳ ስለ ቤተሰብም የሚነሳው። በፓሪስ፣ ቢሴትር በሚባለው ሆስፒታል፣ ፑሰን የሚባል የሕሙማን ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1797 የታሰሩትን የአእምሮ ሕሙማን ሰንሰለት አስፈታ። ከ200 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ግን በብዙ አገር ሰው ስለታመመ ብቻ ይታሰራል።

ሆዱን ያመመው ጊዜስ ትዝ ይልሻል? ሁለት ቀን ሙሉ ተንከባለለ። የወሰድነው ቦታ ካርዱን አይተው «የአእምሮ ታካሚ ነው አይደል? ሐሳቡ ነው» ብለው መለሱን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ ሲታይ የኩላሊት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። እሱ እኮ ያመመውን ቦታ በጣቱ እያሳየ ይናገር ነበር። የሰማው ግን አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። የሚገድላቸውም አብዛኛውን ጊዜ ሊታከም የሚችል የሥጋ በሽታ ነው። ይህን ሳነብ የእሱ ጣት ነው የታየኝ።

ሰው ደግሞ «እንዳይመታችሁ ተጠንቀቁ» ይለናል። እሱ ማንን መታ? ድንጋይ የተወረወረበት እሱ፣ ገንዘቡን የተቀማው እሱ። እንደሱ ያሉ ሰዎች ጉዳት ከሚያደርሱበት ይልቅ ጉዳት የሚደርስባቸው ጊዜ ይበልጣል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ የሚልሽ ሰው ካለ ዝም አትበዪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ዘመዶች ቤቱን በእኔ ስም አዙሪ፣ «እሱ አይችልም» እያሉሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እባክሽ እንዳታደርጊው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ፤ ስሙ እንዲህ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። አንቀጽ 12 ላይ እንደማንኛውም ሰው በሕግ ፊት እኩል ናቸው፣ ንብረት መያዝና መውረስ ይችላሉ ይላል። ለመወሰን እገዛ ካስፈለጋቸውም እገዛው ይሰጣቸው ይላል። እኔን የገባኝ ይሄ ነው፤ አጠገቡ ልቀመጥ እንጂ ወንበሩን አልውሰድበት።

«ሲያገረሽበት ራሱን አያውቅም፣ ታዲያ ዝም ብዬ ልየው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው፣ ከባዱ እሱ ነው። እኔም ሁሉም መልስ የለኝም። ግን ደህና በሆነበት ጊዜ ራሱ ቢጽፈውስ? ሲጀምረው የሚታዩት ምልክቶች ምንድን ናቸው፣ ማን ይጠራ፣ ማን አይምጣ፣ የትኛው መድኃኒት ጎዳው፣ የት ቢታከም ይሻለዋል። በአንዳንድ አገሮች እንዲህ ያለው ወረቀት በሕግ ይታወቃል። እኛ ቤት ደግሞ ሕግ ባይኖርም እኔና አንቺ ልናከብረው እንችላለን። ባለፈው አነሳሁለትና ወዲያው እስክሪብቶ ፈለገ። የመጀመሪያው መስመር «በር አይቆለፍብኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው «እማዬ ትቀመጥ፣ ግን አታልቅስ» ይላል።

ሌላም አንድ ነገር። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ አትላኪው። መቀመጥ ካልፈለገ ራሱ ይነሳል። ስለ እሱ ስትጠየቂም እሱ አጠገብሽ እያለ «ደህና ነው» አትበይ፤ እሱን ይጠይቁት።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ስለ ቤቱ ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። የጉልበትሽን መድኃኒትም ይዤ እመጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእሱ አንብቤለታለሁ። ስለ ትምህርት ቤት ዘመኑ የጻፍኩትን አንድ ቦታ «ይሄን አውጪልኝ» አለኝ፤ አወጣሁት። የድንጋዩን ግን «ተዪው፣ ትወቀው» ብሏል።

ልጅሽ