የጥር 13ን ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቡልን

ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የቃና ዘገሊላ ማግስት። ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ያን ቀን ነው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ ደግመን አልወሰድንም።

አባቴ ስታዲየም ነበር። ሁለቴ ተመርተን ሁለቴ አቻ መሆናችንን ሲያወራ ድምፁ ይቀየር ነበር። ግብፆች ሁለተኛውን ሲያገቡ አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ አሉ። እስከ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻ ጎል ድረስ ቀና አላሉም ይለን ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ትኬቱን ዳዊቱ ውስጥ ተጣጥፎ አገኘነው።

የዕለቱን ፎቶ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። «ቢሮ ስንቀይር ካርቶኑ ተጥሏል» አሉኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ።

የእግር ኳሳችን ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በየሰው ቤት ተበታትኗል። አንዱ የድሮ ጋዜጣ ቆርጦ አስቀምጧል። ሌላው የ1980ውን የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዋንጫ ያስተላለፈውን የስፖርት ጋዜጠኛ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በካሴት ይዟል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተመራማሪ ለብቻው ይጽፋል፤ ድሬዳዋ ያለው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ወዳጅ ለብቻው ያስታውሳል። እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ባለመገናኘታቸው ታሪኩን ሌላ ሰው ይጽፍልናል። የውጭ መዝገቦች የመንግሥቱን ጎል «ወርቁ» ብለው በአባቱ ስም ይዘውታል። የእኛን ስም አወጣጥ ለማያውቅ ሰው ስህተት አይመስለውም። የእኛ ልጆችም ዛሬ የሚያነቡት ያንኑ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) በ1949 ካርቱም ላይ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ነን። ይድነቃቸው ተሰማ ድርጅቱን ከ1964 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 መርተዋል። የእሳቸውን ሥራ ማጥናት የፈለገ ወጣት የት ሄዶ ይጀምር?

የምጠይቃችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። በየዓመቱ ጥር 13 አንድ አዳራሽ፣ ለምሳሌ የወመዘክርን (የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን)፣ ክፈቱልን። የቀድሞ ተጫዋቾችን፣ ዳኞችን፣ የስፖርት ጋዜጠኞችን፣ ተመራማሪዎችንና ደጋፊዎችን ጥሩ። በር ላይ ሁለት የስካን ማሽን ይቀመጥ፤ ሰው ፎቶውን አስቀድቶ ዋናውን ይዞ ይመለስ። ይህ የግድ ነው። ፎቶው ተወስዶ ይቀርብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም። የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይቀረጽ፤ መቅረጫ ይዞ የሚቆም ፈቃደኛ ወጣት አይጠፋም። የሬዲዮ ጣቢያዎችም ከመዝገባቸው ቅጂ እንዲሰጡ እናንተ ብትጠይቁ ይሻላል። ለእኛ ለተራ ሰዎች በሩ አይከፈትም።

አሜሪካ በየክረምቱ በኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር ላይ የሚገናኙ የቀድሞ ተጫዋቾችም አሉን። እነሱ በስልክ ይግቡ። የቫሳሎ ወንድማማቾች፣ ሉቻኖና ኢታሎ፣ አስመራ የተወለዱ ናቸውና እዚያ የሚያስታውሳቸው ሰው ከተገኘ እሱም ይጋበዝ።

ብቻ አትዘግዩ። ሉቻኖ በ2015 መጀመሪያ ላይ አረፈ፤ መንግሥቱም ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። በሕይወት ያሉትን እናግኛቸው። ቀኑን ቁረጡልን። እኔ የአባቴን ትኬት ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእግር ኳስ ወዳጅ