ለአቡሽዬ፦ ሲቲዝን ሳትሆን «አዎ» እንዳትል

አቡሽዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እህትህ ትናንት ማታ ነገረችኝ። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ አፏን ያስከፈትኳት። ከዳላስ ፍርድ ቤት የጁሪ ጥሪ፣ ያ ተራው ዜጋ ችሎት ተቀምጦ የሚፈርድበት ጥሪ፣ መጣልኝ ብለህ ፎቶውን በቴሌግራም ልከህላት፣ «ሄጄ ልየው እንጂ፣ ከሥራም አርፋለሁ፣ ይከፍላሉም» አልካት አሉ። ይህን ሰምቼ ምን እንቅልፍ ይወስደኛል! በስልክ እንዳልነግርህ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ሁለቴ አንብበው።

ዋናውን ቶሎ ልበልህ። አንተ ሲቲዝን አይደለህም። ወረቀቱ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነህ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ «አይደለሁም» ነው። «አዎ» እንዳትል፣ የኔ ጌታ።

የምትለኝን አውቃለሁ። «አንቺ ሲቲዝን ነሽ፣ እህቴም ሲቲዝን ናት፣ እኔ ከማን አንሼ?» ይህን ስንት ጊዜ አወራነው። በዲቪ ስንመጣ አንተ 15 ዓመትህ ነበር፣ እሷ ደግሞ ገና 4። እኔ ለማመልከት ግሪን ካርድ ይዤ 5 ዓመት መቆየት ነበረብኝ። በኋላ እጄን አንስቼ ስምል እሷ ከ18 በታች ስለነበረች፣ ግሪን ካርድ ይዛ ከእኔ ጋር ስለምትኖር፣ ሕጉ ራሱ ዜጋ አደረጋት። አንተ ግን 18 አልፎሃል ተብለህ ቀረህ። ዲቪው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ቢወጣልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ያን ቀን መሐላው አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ትንንሽ ባንዲራ ሲያውለበልብ እኔ ያንተን ዕድሜ ነበር የማሰላው። ማን ይመንልኝ፣ አብሬያቸው ፎቶ ተነሳሁ፣ ሳቅሁም።

ደግሞ ራስህ ማመልከት ከቻልክ ስንት ጊዜህ ነው! «በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ወር» እያልክ። እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

«እነሱ ራሳቸው ጠሩኝ፣ ካልሆንኩ ለምን ይጠሩኛል?» እንዳትል። ቴክሳስ ስም የሚያወጣው ከመራጮች መዝገብና መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ካላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ። ኮምፒውተሩ በዕጣ ስም ሲያወጣ ማን ግሪን ካርድ እንዳለው፣ ማን ሲቲዝን እንደሆነ ሁልጊዜ አጥርቶ አያውቅም። ጥያቄው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ለዚህ ነው። መጠራት ማለት ብቁ መሆን ማለት አይደለም።

ብቁ የሚሆነው ማን ነው ካልክ፣ ቴክሳስ ውስጥ 18 ዓመት የሞላው፣ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ፣ በዚያው ካውንቲ (አውራጃ በለው) የሚኖር፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ጤነኛ አእምሮና መልካም ጠባይ ያለው ሰው ነው። በከባድ ወንጀል ወይም በስርቆት የተፈረደበት አይሆንም፤ ስርቆቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ አይሆንም፣ ክሱ ገና በመታየት ላይ ያለም እንደዚያው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ቢጠራህም ዜግነቱ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ በአካባቢው አንድ ዓመት መኖርና እንግሊዝኛ መናገር ይጨመርበታል። ያቺ የፍጥነት ቅጣትህ ከምንም አትቆጠርም፣ አትጨነቅባት። ቀስ ብለህ ንዳ ማለቴ ግን እንዳለ ነው። አክሰንትም ማንንም አይከለክልም። ሌላው ሁሉ አለህ፣ አንዱ ብቻ ነው የጎደለህ። አንዱ ከጎደለ ግን «አዎ» አይባልም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ከ1996 ጀምሮ ባለው የኢሚግሬሽን ሕግ ሲቲዝን ሳይሆን ሲቲዝን ነኝ ያለ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ሊባረር ይችላል። ይቅርታው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ዝም ብዬ ልንገርህ፣ ስሙን አልጠራም፣ ድሮ ፓርኪንግ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ቅን ሰው ነው። ጥሪው ሲመጣለት «መንግሥት ጠርቶኝ እንዴት እምቢ እላለሁ» ብሎ «አዎ» ላይ ምልክት አድርጎ ፈርሞ ላከ። ከዓመታት በኋላ ለሲቲዝንሺፕ ሊያመለክት ፎርሙን ሲያነብ «ሲቲዝን ነኝ ብለህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ደረሰ። ጠበቃ ጋር ሄደ፤ ጠበቃው ፎርሙን ዝጋው፣ ከአገርም እንዳትወጣ አለው። እናቱ ስትሞት ለቀብር አልሄደም። ሲልቨር ስፕሪንግ በሰው ሳሎን ድንኳን ሳይጣል ተቀምጦ ለቅሶ ሲቀበል እኔ ነኝ ቡና ያፈላሁለት። አንገቱን ደፍቶ የስኒውን እጀታ ሲያሽ ነበር፣ አልጠጣውም።

ስለዚህ ምን አልኩህ? «አዎ» እንዳትል።

ጥሪውንም ደግሞ እንዳትጥለው! አንተ ፖስታ ሳትከፍት መጣል ትወዳለህ። ቴክሳስ ውስጥ ለጁሪ ጥሪ መልስ ያልሰጠ ሰው ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ብቁ ያልሆንክበትን ምክንያት የምታመለክትበት ቦታ አለ። ዜጋ አይደለሁም በል፣ ፈርም፣ ቀኑ ሳያልፍ መልስ። በቃ። ለገንዘቡ ብለህ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን 20 ዶላር ነው፣ ከዚያ በኋላ በቀን 58። ለዚህ ብለህ ግሪን ካርድህን?

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ይህ ነገር ሁልጊዜ አይዋጥልኝም። 18 ሲሞላህ ለጦር ተመዝገብ ብለው ደብዳቤ ልከው አስመዝግበንሃል፤ ለዚያ ሲሆን ግሪን ካርድም ይበቃል። ግብርም ትከፍላለህ። ለፍርድ ወንበር ሲሆን ግን ገና ነህ ይሉሃል። ካሊፎርኒያ በ2013 ግሪን ካርድ ያላቸውም ጁሪ ይቀመጡ የሚል ሕግ ምክር ቤቱ አሳልፎ ነበር። አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ይህ እንደ ምርጫ ሁሉ የዜጋ ድርሻ ነው ብለው ሳይፈርሙበት መለሱት። እኔ ብሆን እፈርም ነበር። ግን እኔ አገረ ገዥ አይደለሁም፣ አንተም በራስህ እጅ ሕግ አታወጣም።

እኔን የጠሩኝን ጊዜ ታስታውሳለህ አይደል? ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ፍርድ ቤት። አዲስ ሲቲዝን ሆኜ እንደ ሠርግ ነበር የለበስኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይዤ ፍተሻው ላይ ዘበኛው ላስቲኩን እያገላበጠ ምንድን ነው አለኝ፤ ቅመስ ስለው ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ሳቀ። ትልቅ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ነበር፣ ዶክተሩም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም፣ እኔም። ቁጥር ሰጥተው ወደ ችሎት አስገቡን። የመኪና አደጋ ጉዳይ ነበር። ዳኛዋ «አደጋ የደረሰበት አለ?» ስትል ተነሳሁ፣ የቶዮታዋን ነገር ታውቀዋለህ። ወደ ፊት ጠሩኝ። ጠበቆቹ ከበቡኝ፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማ በድምፅ ማጉያው እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ለቀቁ። ዳኛዋ ዝቅ ብላ «ያ ቢደርስብሽም ያለ አድልዎ መፍረድ ትችያለሽ?» አለችኝ። «እችላለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር። ኋላ ስም ሲለዩ ከጠበቆቹ አንዱ ቁጥሬን ጠርቶ አመስግኖ አሰናበተኝ። ምክንያት አይናገሩም፣ እንዲያ ሊያሰናብቱ የሚችሉት የተወሰነ ቁጥር አላቸው። በቆዳ ቀለም ምክንያት ማሰናበት ግን በ1986 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከልክሏል። አደጋዬ ይሁን አነጋገሬ እስከ ዛሬ አላውቅም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ ዳቦ ቆሎዬን ብቻዬን ቆረጠምኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳዘንኩ ለእህትህ ነግሬያት አልገባትም። አንተ አያትህን ስለምታውቃቸው ይገባህ ይሆናል። እኛ አገር ጁሪ የለም፣ ፍርድ ቤት የሚፈርዱት ዳኞች ብቻ ናቸው። ግን አባባ ስንት ሽምግልና ተቀምጠዋል! ሁለቱም ወገን ሽማግሌውን ራሱ ይመርጣል፣ አባባን ደግሞ ሁሉም ይፈልጋቸዋል። አንድ ጊዜ ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ለመኗቸው። ሄደው ተቀመጡ፣ ምርቃቱ ተጀመረ፤ ከዚያ አንደኛው ለልጁ የአክስቴን ልጅ ሊያጭ ሽማግሌ መላኩን ሰሙ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ነገ አማቻችን ሊሆን ነው፣ እኔ እዚህ መቀመጥ የለብኝም» አሏቸው። ሰዎቹ እኛ እናምንዎታለን ብለው ቢለምኗቸው አልተመለሱም። ቤት ገብተው ግን ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ሲንጎራደዱ ዋሉ። መፍረድ ይወዱ ነበር፣ አባባ። እኔም ከሳቸው ነው የወረስኩት መሰለኝ፤ አንተም ትንሽ ሆነህ የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጣሉ ዳኛው አንተ ነበርክ። እና መፈለግህ አይገርመኝም። ግን ገና ከበሩ ላይ በፊርማህ ዋሽተህ ገብተህ በሌላ ሰው ላይ እውነቱን ልታጣራ? አባባ ቢሰሙ ምን ይሉሃል?

አሁን ሥራ ልስጥህ። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ሲሉህ ምን አልካቸው? በደንብ አስታውስ። ቴክሳስ ውስጥ ዜጋ አይደለሁም ብለው ከጁሪ የቀሩ ሰዎች ስም ወደ መራጮች መዝገብ ቤት ይሄዳል። በስህተት ተመዝግበህ ከተገኘህ ሌላ ጣጣ ነው። ጥርጣሬ ካለህ ምንም ሳትልክ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግር። የጠበቃ ነው ያልኩህ፣ የጓደኛህን ምክር አይደለም። ያ ፂማሙ ጓደኛህ ስለ ሁሉም ነገር ያውቃል፣ ስለ ምንም ግን አያውቅም።

ከዚያ የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻውን። 5 ዓመቱ ካለፈህ ቆየ፣ ቴክሳስ መኖር ከጀመርክም የሚጠየቀው ሦስት ወር አልፎሃል። በኢንተርኔት ሲሞላ 710 ዶላር ነው፣ በወረቀት ደግሞ 760። ግማሹን እኔ እልካለሁ፣ ለጫማ ግን አይደለም። ለጦር የተመዘገብክበት ወረቀት እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። አገር ቤት የሄድክባቸውን ቀኖች ከፓስፖርትህ ላይ ጻፍ፣ ይጠይቁሃል። አንተ ደግሞ ፓስፖርትህ የት እንዳለ አታውቅም፤ ጥቁሩ ሻንጣ የጎን ኪስ ውስጥ ነው፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት።

የጁሪውን ወረቀት ሞልተህ ከመላክህ በፊት ፎቶውን ላክልኝ፣ ለእህትህ ሳይሆን ለእኔ። «አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክቱን በዓይኔ ካላየሁ አላምንህም። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውላለሁ፣ አንሣ። በርበሬ አልቆብኛል እንዳትል ደግሞ፣ ዳላስ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሽሮም ጨምሬ እልክልሃለሁ፤ አድራሻህን ከነአፓርታማ ቁጥሩ ጻፍልኝ።

እናትህ