አፍንጫዋ ውስጥ 3 ብር የያዘችው አውሮፕላን፦ የሞዴል አውሮፕላን ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ቲቸር፣ መቼ ነው የምትበረው?» ይህን ጥያቄ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰማሁት። ሰልፍ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በፈተና መሃል። መልሴ ሁሌም «ስትዘጋጅ» ነበር። ምን እስክትሆን ድረስ እንደጠበቅን ዘንድሮ በዚህ ገጽ ልንገራችሁ።

አውሮፕላኗን የላከልን አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ነው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር ነው። ከነባትሪዋ 1 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ሞተሯ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ አካሏ በሙሉ ፎም ነው። ሻንጣ ውስጥ ታሽጋ ስትመጣ ጭራዋ ተሰበረ። ባትሪው ግን ደህና ነበር፤ የሊቲየም ባትሪ ለብቻው ሲጓዝ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ስለማይፈቀድ፣ ያመጡልን እናት በቦርሳቸው ይዘውት ነው የገቡት።

ስም ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውና ጣሊያን ወስዷት በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው «ጸሐይ» አውሮፕላን የልጆቹን ልብ ይዛለች። ስለዚህ የኛዋ «ትንሿ ጸሐይ» ተባለች። ምርጫቸው በጣም ደስ ብሎኛል።

ጭራውን ከመጠገናችን በፊት ሙጫ ሞከርን። ከቲቪ ካርቶን ውስጥ በወጣ ነጭ ፎም ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ ስናደርግ ፎሙ ዓይናችን እያየ ቀልጦ ጎደጎደ። ያን ቀን ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ ፎም የማይበላ ሙጫ ፈልገን፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፈን ጭራውን ቀጠልነው። ጠነከረ። ችግሩ ግን ከዚያ በኋላ መጣ።

የትንሿ ጸሐይ የክብደት ማዕከል ከክንፏ የፊት ጠርዝ 6 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ መሆን አለበት። ለመፈተሽ ሁለት ጣት እዚያ ነጥብ ላይ ከክንፉ ሥር አድርጎ ማንሳት ነው፤ ሚዛኗ ልክ ከሆነ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የኛዋ በጭራዋ ቁጭ አለች። ስንለካው 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ይህን ያመጣው 25 ግራም የማይሞላ ሙጫና ስንጥር ነው፤ ጭራው ከማዕከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚርቅ ትንሹ ክብደት ብዙ ይጎትታል። ጭራዋ የከበደ አውሮፕላን አፍንጫዋን ታነሳለች፣ ፍጥነት ታጣለች፣ ከዚያ ለአብራሪው አትታዘዝም። በመጀመሪያ በረራ የሚሰባበሩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው።

እዚህ ላይ የ11ኛ ክፍል ልጆች ፊዚክስ ደብተራቸውን አወጡ። ባትሪው 180 ግራም ነው። ሚዛኑን በ1.5 ሳንቲ ሜትር ለመመለስ ባትሪውን ስንት ወደፊት እንግፋው? 8.3 ሳንቲ ሜትር ወጣ። ቦታው ግን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለቀሪው አፍንጫዋ ላይ 20 ግራም መጨመር ነበረብን። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከኪሷ ሦስት የ1 ብር ሳንቲሞች አወጣች። በቤተ ሙከራው ሚዛን ሲመዘኑ 20 ግራም ገደማ ሆኑ። በፕላስተር ጠቅልለን አፍንጫዋ ውስጥ አጣበቅናቸውና እንደገና በሁለት ጣት አነሳናት። ቀጥ አለች። የዓመቱ ትልቁ ጭብጨባ ያኔ ነበር፤ ገና ከመሬት ሳትነሳ።

ሞተሩን ስንፈትሽ ፕሮፔለሩ ሁሌም ወልቆ ነው። በዚህ ድርድር የለም፤ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ባትሪውንም ሰው አጠገቡ ሳይኖር ቻርጅ አናደርግም፤ አሸዋ በተሞላ ሸክላ ድስት ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

የሚያዝያውን ፍተሻ ሳልናገር አላልፍም። በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ኤይለሮን የምንላቸው፣ አውሮፕላኗን ግራና ቀኝ ያዘነብላሉ። ሪሞቱን ወደ ቀኝ ሲያደርጉት የቀኙ ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። አንዱ ልጅ «ልክ ነው» ብሎ ምልክት አደረገ። ሁለተኛዋ «ተገልብጧል» አለች። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። እሱ ከፊት ለፊቷ ስለቆመ ቀኙ የአውሮፕላኗ ግራ ነበር። እንዲያ ብትነሳ ኖሮ ቀኝ ሲሏት ግራ እየሄደች በሰከንዶች ውስጥ መሬት ትመታ ነበር። ሪሞቱ ላይ አቅጣጫውን ገለበጥነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍተሻ የሚደረገው ከጭራዋ ኋላ ተቁሞ ነው፣ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ድምፅ አውጥቶ።

ትምህርት ቤታችን ለሚመለከታቸው አካላት ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ ካገኘን በኋላ፣ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሱሉልታ ሜዳ ደረስን። ጠዋት የመረጥነው ነፋሱ ስለማይበረታ ነው። ሪሞቱን የያዘው ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል ፕሮግራም) ወራት የተለማመደ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አንድ ሌላ ልጅ ወረወራት። አፍንጫዋን አነሳች፣ ተንገዳገደች፣ በሆዷ ሣር ላይ ወደቀች። ፕሮፔለሩ ተሰነጠቀ።

ልጆቹ ደነገጡ። ሳንቲሞቹን አየናቸው፤ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሚዛኗም ልክ ነበር። ታዲያ ምን ሆነች? እንደ ሱሉልታ ባለ ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ከባሕር ወለል ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። እኛ ግን መመሪያው ላይ ባለው ሥዕል መሠረት ቀስ ብለን፣ ትንሽ ሽቅብ አድርገን ነበር የወረወርናት። መለዋወጫ ፕሮፔለር አንድ ብቻ ነበረን። ገጠምነውና ፍተሻውን ከመጀመሪያው ደገምነው። በዚህ ጊዜ ወርዋሪው ሮጠ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይል፣ ፊቷ ወደ ነፋሱ፣ ክንፏ አግድም።

ሄደች። ትንሽ ዝቅ አለችና ከፍ ማለት ጀመረች። ወደ ግራ ስትስብ አብራሪው ሪሞቱ ላይ ሁለት ጊዜ አስተካከለ፤ ቀጥ አለች። «መቼ ነው የምትበረው?» ስትለኝ የኖረችው ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። እኔም ከዚያ የተሻለ አልነበርኩም። በ4 ደቂቃ የሰዓቱ ደወል ጮኸ። ሞተሩ ጠፋ፣ ተንሳፍፋ መጥታ ሣሩ ላይ አረፈች።

የመዝገብ ደብተራችን የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ አንድ በረራ፣ 4 ደቂቃ፣ አንድ ፕሮፔለር ተሰብሯል። ለክረምት ባትሪው ሙሉም ባዶም ሳይሆን፣ 11.4 ቮልት ላይ ሸክላው ውስጥ ተቀምጧል። የ9ኛ ክፍሏን ልጅ «ሳንቲሞችሽን እንመልስልሽ?» ብለን ጠየቅናት። «እዚያው ይቆዩ» አለች።