የአውቶሞቲቭ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሁለት ዲግሪ ፍለጋ

የአውቶሞቲቭ ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል የተውጣጡ 14 አባላት ነበሩት። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራው ጀርባ ባለው የቀድሞ ዕቃ ቤት እየተሰበሰብን ሠርተናል። ያለፉት ዓመታት ዘገባዎቻችን ዘይት ከመቀየር አንሥቶ የፍሬን ሸራ እስከ መለወጥ ድረስ ብዙ ሥራ ይዘረዝሩ ነበር፤ የዘንድሮው ግን ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቫልቮችን በሚከፍተውና በሚዘጋው ዘንግ፣ በካምሻፍት ጫፍ ላይ የሚታሰርና አቀማመጡ በዲግሪ የሚስተካከል የካም ጊር ነው። ዓመቱን በሙሉ በአንድ ዕቃ ላይ መቆየታችን ያሳሰባቸው ወላጆች ስለነበሩ ምክንያቱን በዝርዝር ማስረዳት ይገባኛል።

ሥራው የተጀመረው በጥቅምት ወር፣ የአንዲት አባላችን አባት ከመኪናቸው የወጣ አሮጌ ሞተር ለክበቡ በሰጡን ጊዜ ነው። ሞተሩ የቶዮታ ሲሆን 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭና ሁለት ካምሻፍት አለው። ከዓመታት በፊት ውሃ ጨርሶ በመጋሉ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ተጣሞ እንደነበርና ፊቱ ሁለት ጊዜ እንደተላገ፣ በድምሩም 1 ሚሊሜትር ያህል እንደተነሣለት ባለቤቱ ነግረውናል። ሞተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበቱ ደካማ እንደነበር አክለውልናል። ተማሪዎቹ ወዲያውኑ ነዳጁን ወይም ካንዴላውን ሲጠረጥሩ፣ እኔ ስለ አንዱ ሚሊሜትር እንዲያስቡ ጠየቅኋቸው።

ቴስታታው ሲላግ ካምሻፍቶቹ ፒስቶኖቹ ወደሚያዞሩት ዘንግ፣ ወደ ክራንክሻፍቱ ይቀርባሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የታይሚንግ ቤልት ርዝመት ግን አይለወጥም። ስለዚህ በሚጎትተው የቤልቱ ጎን ላይ የሚተርፈው ርዝመት ካምሻፍቱን ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ ቫልቮቹም ከሚገባቸው ጊዜ ዘግይተው ይከፈታሉ፣ ዘግይተውም ይዘጋሉ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የጊሩ ዲያሜትር 12 ሴንቲሜትር ያህል መሆኑን ለክታ ስሌቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራችው፤ 1 ሚሊሜትር ለ60 ሚሊሜትር ራዲየስ ሲካፈል በካምሻፍቱ ላይ 1 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ሲዞር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር፣ ይህ በክራንክሻፍቱ ሲቈጠር 2 ዲግሪ ማለት ነው። በሒሳብ ክፍል ራዲያን ምን ያደርግልናል ብለው ይጠይቁኝ የነበሩ ልጆች ስሌቱን ራሳቸው ሲደግሙት ማየቴ ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የላቀው ቀን ነበር።

ይህን ሁለት ዲግሪ በተለመደው ጊር መመለስ አይቻልም። 48 ጥርስ ባለው የካም ጊር ላይ ቤልቱን በአንድ ጥርስ ማሻገር ክራንክሻፍቱን በ15 ዲግሪ እንደማዛባት ነው፤ ከሕመሙ ይልቅ መድኃኒቱ ይከፋል። የሚስተካከለው ጊር ግን ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በካምሻፍቱ ላይ የሚታሰረው መሐለኛ አካል፣ ሌላው ቤልቱ የሚያርፍበት ባለጥርስ ቀለበት ነው። ሁለቱን የሚያያይዙት ትንንሽ ቡሎኖች ረዘም ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚያልፉ፣ ቡሎኖቹን አላልቶ አንዱን ክፍል በሌላው ላይ በጥቂት ዲግሪ ማንሸራተትና መልሶ ማጥበቅ ይቻላል።

በኅዳር ወር ሦስት ተማሪዎችን ይዤ ጊሩን ፍለጋ ከፒያሳ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ወረድን። በአብዛኞቹ ሱቆች ይህ የውድድር መኪና ጌጥ ነው፣ ለእናንተ ምን ያደርጋል ተባልን። በመጨረሻ ያገለገለ ጥንድ ያገኙልን አዛውንት ነጋዴ ግን ዕቃውን ከማስረከባቸው በፊት ልጆቹን አጠገባቸው አቁመው፣ «ልጆቼ፣ ቀዳዳውን ሳታዩ እንዳትገዙ» በማለት ቡሎኑ ተንሸራትቶ የፋቀው ጠርዝ ምን እንደሚመስል አሳዩአቸው። የቡሎኖቹን ጥብቀት በቶርክ ቁልፍ ሳንለካ ሞተሩን አንድም ቀን ያላስነሣነው በዚያ ምክር የተነሣ ነው፤ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ያለፈው በመለካት ነው። በ25 ሴንቲሜትር ክብ ላሜራ ላይ 360 ዲግሪ የተሣለበት ወረቀት ለጥፈን፣ ይህን የዲግሪ ሰሌዳ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ አሰርን፤ በዚህ ስፋት አንድ ዲግሪ 2 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን በዓይን ለማንበብ ይመቻል። ከዚያ የአንደኛው ፒስቶን የላይኛው ጫፍ የት እንደሆነ ማወቅ ነበረብን። ፒስቶኑ ጫፉ አካባቢ ሲደርስ ክራንክሻፍቱ ብዙ ዲግሪ እየዞረ እርሱ ግን እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ፣ ጫፉን በዓይን መገመት ያሳስታል። ስለዚህ የአሮጌ ካንዴላ ውስጡን አውጥተን ቡሎን አስገባንበትና ፒስቶኑን ከጫፉ በታች የሚያቆም ማገጃ ሠራን። ሞተሩን በእጅ ወደ ፊት አዙረን ማገጃው ሲያቆመው 31 ዲግሪ፣ ወደ ኋላ አዙረን ሲያቆመው 27 ዲግሪ ተነበበ። ሁለቱ እኩል መሆን ስለነበረባቸው የዲግሪ ሰሌዳችን በ2 ዲግሪ ተዛብቶ ታስሮ ነበር ማለት ነው። የስሕተታችን መጠን ከምንፈልገው ጋር እኩል ስለነበር፣ ይህን እርምጃ ብንዘለው ኖሮ ጤነኛውን ሞተር ታማሚ፣ ታማሚውን ደግሞ ጤነኛ እንል ነበር።

ቀጥሎ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚሊሜትር የሚለካውን ሰዓት መሰል መለኪያ በማስገቢያ ቫልቩ ላይ አቆምን። ቫልቩ ከሙሉ መከፈቱ 1 ሚሊሜትር ሲጎድለው በአንዱ በኩል 78፣ በሌላው በኩል 134 ዲግሪ አነበብን፤ መካከሉ፣ ማለትም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት ቦታ፣ ከፒስቶኑ የላይኛው ጫፍ በኋላ 106 ነው። ከፋብሪካው መመሪያ ያሰላነው 104 ስለነበር፣ በጥቅምት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሠራው 2 ዲግሪ በየካቲት በብረቱ ላይ ተገኘ።

በመጋቢት ማስገቢያውን ካም ወደ ቦታው መልሰን፣ ከዚያም ሌላ 4 ዲግሪ ብናስቀድመው ምን እንደሚሆን ለመፈተን ወሰንን። አስቀድሞ በፒስቶኑ ራስ ላይ ፕላስቲሲን አስቀምጠን በቫልቩና በፒስቶኑ መካከል የሚተርፈው ክፍተት ከ2 ሚሊሜትር እንደማያንስ አረጋገጥን፤ ሞተሩንም ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዞርን። ሆኖም ሞተሩ ሲነሣ ተንቀጠቀጠ፤ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚያሳየው የቫኪዩም መለኪያም ከ12 ወደ 10 ኢንች ሜርኩሪ ወረደ። ልጆቹ በጊሩ ላይ ያሉትን 4 ምልክቶች ቈጥረው ነበር፤ የእኛ ጊር ምልክቶች ግን የካምሻፍት ዲግሪዎች ናቸው። ሰሌዳው 100 ሳይሆን 96 አሳየ፤ ማለትም በክራንክሻፍቱ 8 ዲግሪ አስቀድመን ነበር። ማስገቢያው ቫልቭ ያን ያህል ቀድሞ ሲከፈት ማስወጫው ገና ስላልተዘጋ፣ ሁለቱ አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ ይረዝምና የተቃጠለው ጋዝ ወደ ማስገቢያው ይመለሳል። ስሕተቱን የሠራው ቡድን ራሱ ፈልጎ በማግኘቱ እኔ የተናገርኩት ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ግን የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረው ግፊት ልኬት ነው። ለእንዲህ ያለ ሞተር መጽሐፉ 12.5 ባር አካባቢ ይላል፤ የእኛ 9.1 ብቻ ሆነ። ግማሹ ክበብ የፒስቶን ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይፈታ አለ። ትምህርት ቤታችን ያለበት የከተማው ክፍል ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ መሆኑንና የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ መሆኑን አስታውሰን ስናሰላው፣ ጤነኛ ሞተር እዚህ ሊያሳይ የሚችለው 9.4 ባር ያህል ሆኖ አገኘነው። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ ተፈርዶባቸው ያለ ጥፋታቸው የተፈቱ ሞተሮች በከተማችን ጥቂት እንዳልሆኑ አምናለሁ። ካሙ በ104 ሲቀመጥ ልኬቱ 9.2፣ በ100 ሲቀመጥ 9.4 ሆነ፤ ማስገቢያው ቫልቭ ቀድሞ ሲዘጋ ፒስቶኑ መልሶ የሚገፋው አየር ስለሚቀንስ ነው።

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተራችን ከማስገቢያው ካምሻፍት ጋር ስለሚዞር፣ ካሙን በለወጥን ቁጥር የእሳት ጊዜውም አብሮ ይቀድም ነበር፤ ስለዚህ በየጊዜው የእሳቱን ጊዜ በብርሃን በሚያሳየው በታይሚንግ ላይት እያየን ወደ 10 ዲግሪ መልሰነዋል። ይህን የዘነጋ ሰው የእሳቱን ለውጥ የካሙ ለውጥ አድርጎ ይወስደዋል።

የእኔ አስተያየት ለአዲስ አበባ አየር ካሙን ከፋብሪካው ልክ ጥቂት ማስቀደም ይጠቅማል የሚል ነው። ነገር ግን ሞተሩ በማቆሚያው ላይ ሸክም ስለማይጎትት ይህን ገና አላረጋገጥንም። በመሆኑም በሰኔ የመጨረሻ ስብሰባችን ካሙን በ104 አሰርነው፤ ቡሎኖቹ ላይም ቢላሉ የሚያሳይ ነጭ መስመር አሠመርንባቸው። የማስወጫው ካምሻፍት አልተነካም። ለእርሱ የተገዛው የሚስተካከል ጊር ተጠርጎ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከዲግሪ ሰሌዳውና ከልኬት መዝገቡ ጋር በዕቃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልፉን የምትይዘው ራዲያኑን ያሰላችው ተማሪ ናት።