በነጻ የሚሠራ ጣቢያ የለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ መንግሥትና የግል አልሚዎች በአጋርነት ስለሚያካሂዱት ልማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አብዛኛውን ወድጄዋለሁ። «አልሚው ጣቢያውን በነጻ ይሠራል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ግን አላስቀመጠችኝም። ሙያዬ የንብረት ግምት ነው፤ «በነጻ» የሚል ቃል ሳይ መነጽሬን እፈልጋለሁ።

ከዓመታት በፊት አንድን ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ ገምቻለሁ። መጀመሪያ ስገምተው በአቅራቢያው ጣቢያ እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜ ስመለስ መስመሩ በይፋ ተነግሯል። በመካከሉ ባለይዞታው አጥሩን እንኳ አላደሰም፤ ሣሩ ያው ሣር፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነበር። ዋጋው ግን ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ያን ልዩነት የፈጠረው ሕዝብ በግብሩና በቲኬቱ የሚከፍልለት ሐዲድ ነው። ስለዚህ አንድ አልሚ ጣቢያ በነጻ ሠራ ሲባል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መሬቱን ያገኘው በየትኛው ቀን ዋጋ ነው?

ጥያቄዬ ምቀኝነት እንዳይመስል፣ ነገሩ በደንብ ወደተሠራበት ቦታ ልሂድ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ መንግሥት በጣቢያዎች ላይና ዙሪያ ያለውን መሬት የማልማት መብት የሚሰጠው ለባቡር ኩባንያው ነው፤ የሚገመተውም ሐዲዱ ባይኖር በሚያወጣው ዋጋ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ስጦታ ይመስላል። ኩባንያው ግን መብቱን ይዞ ጨረታ ያወጣል፤ ያሸነፈው አልሚ የመሬቱን ክፍያና የግንባታውን ወጪ ይሸፍናል፤ ከትርፉም ለኩባንያው ያካፍላል። የኩባንያው አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቢቀርብም ሦስት አራተኛ ያህሉ የመንግሥት እንደሆነ ቀርቷል። ሐዲዱ የፈጠረው ዋጋ ዞሮ ወደ ሐዲዱ ይመለሳል ማለት ነው። (የዚያች ከተማ ቤቶች በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት መሆናቸውን አልዘነጋሁም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።) ይህን አሠራር ለማየት የሚሄዱ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ የሚያነሱት ከጣቢያው በላይ የቆሙትን ፎቆች ነው። ውሉን ፎቶግራፍ ሲያነሳ የታየ የለም።

ባለ ሐዲዱና ባለ መሬቱ አንድ ሲሆን ክርክሩ ከሥሩ ይጠፋል። ጃፓናዊው ኢቺዞ ኮባያሺ በ1910 ከኦሳካ የሚነሳውን መስመር ሲከፍት በሐዲዱ ዳር ቤቶች ሠርቶ በወር በወር በሚከፈል ዋጋ ሸጠ። በመስመሩ አንድ ጫፍ መዝናኛ፣ በ1929 ደግሞ በሌላው ጫፍ ካለው ጣቢያ ላይ ትልቅ የገበያ አዳራሽ አቆመ፤ ባቡሩ በሁለቱም አቅጣጫ ባዶውን እንዳይመላለስ። ብልህ ነጋዴ! በአብዛኛው ዓለም ግን ሐዲዱ የሕዝብ፣ ዙሪያው ያለው መሬት የሌላ ሰው ነው። ቀኑ የሚያከራክረውም ለዚህ ነው።

ሁለት የአሜሪካ ከተሞችን እንይ። ዋሽንግተን ውስጥ ዛሬ ኖማ በሚባለው አካባቢ ባቡሩ ቀድሞም ያልፍ ነበር፤ አይቆምም እንጂ። በ2004 የተከፈተው ጣቢያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ከዚህ ውስጥ 25 ሚሊዮኑን የአካባቢው ባለይዞታዎች በራሳቸው ይዞታ ላይ በሚጣል ልዩ ግብር ለመሸፈን ተስማሙ፤ የተስማሙትም ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት ነው። ለጽድቅ ብለው አይደለም፤ መሬታቸው እንደሚወደድ አውቀው ነው። ኒው ዮርክ በበኩሏ የሰባት ቁጥር የባቡር መስመርን ሃድሰን ያርድስ ወደሚባለው ሰፈር ስታራዝም ሁለት ጣቢያዎች ታስበው ነበር። በአሥረኛው ጎዳና ላይ የታቀደው ወጪውን ማን እንደሚከፍል ስምምነት ጠፍቶ ቀረ፤ መስመሩም በ2015 የተከፈተው በአንድ አዲስ ጣቢያ ብቻ ነው። ጣቢያው በቀረበት አካባቢ ፎቆቹ አልቀሩም። አሁን ባለ ፎቆቹን ሰብስቦ «አዋጡ» ማለት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የአልሚው ነው እያልኩ አይደለም። ለንደን ውስጥ ኤልዛቤት በተባለው የባቡር መስመር ላይ ያለውን የካናሪ ዋርፍ ጣቢያ የሠራው የአካባቢው አልሚ ራሱ ነው። ከጣቢያው በላይ ያሉት ሱቆችና የጣሪያው የአትክልት ስፍራ በ2015 ለሕዝብ ተከፈቱ። በ2018 መጨረሻ ይደርሳል የተባለው ባቡር ግን የመጣው በ2022 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ባቡር የሌለበት ጣቢያ! የግል ወገን ሥራውን ጨርሶ የሕዝቡ ወገን ሲዘገይ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅም ከፊርማው በፊት መጻፍ አለበት።

መሬቱ ባይሸጥስ? ኮፐንሃገን በ1992 በወጣ ሕግ ኦረስታድ የተባለውን ባዶ ሜዳ ለማልማትና ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ ሜትሮ ለመሥራት ኩባንያ አቋቋመች፤ 55 ከመቶው የከተማዋ፣ 45 ከመቶው የመንግሥት። ሜትሮው በብድር ተሠርቶ በ2002 ሥራ ጀመረ። መሬቱ ግን በታሰበው ፍጥነት አልተሸጠም፤ ዕዳው የሚከፈልበት ጊዜም ተራዘመ። ነገ በሚሸጥ መሬት ዛሬ መበደር ላም አለኝ በሰማይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቢሆንም እዚያ ዕዳውም ያልተሸጠው መሬትም በሕዝብ እጅ ነበሩ፤ ዋጋው ከዓመታት በኋላ ሲነሳ ትርፉን ሌላ አልወሰደውም።

ጽሑፋችሁ ከነጭራሹ ያላነሳው ተከራዩን ነው። ለባለይዞታ ትርፍ የሆነው የዋጋ ጭማሪ ለተከራይ የሚመጣ ሒሳብ ነው፤ ጣቢያው ሲከፈት የመጀመሪያው ተሳፋሪ ዕቃውን ጠቅልሎ የሚወጣው እርሱ እንዳይሆን እፈራለሁ። የሎስ አንጀለስ የትራንስፖርት ባለሥልጣን በራሱ መሬት ላይ ከሚሠሩት ቤቶች በጠቅላላው 35 ከመቶው ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች እንዲሆኑ ግብ አስቀምጦ፣ ለዚህ ሲባል የመሬቱን ዋጋ እስከ 30 ከመቶ የሚቀንስበትን መመሪያ በ2015 አውጥቶ ነበር። ይህም ከሕዝብ ኪስ የሚወጣ ቅናሽ ነው። ነገር ግን ስንት እንደተቀነሰና በምን ምትክ እንደሆነ ማንም ሊያነበው ይችላል። «በነጻ» ብሎ አልሸፈነውም።

እናም የሚቀጥለውን ዘገባችሁን ስታወጡ፣ ሪባን ሲቆረጥ ከሚያሳየው ፎቶግራፍ አጠገብ ሦስት ቀኖችን ብትነግሩን ደስ ይለኛል፦ መሬቱ የተገመተበትን፣ መስመሩ በይፋ የተነገረበትን፣ ውሉ የተፈረመበትን። በቅደም ተከተል አስቀምጡልን፤ ሒሳቡን እኛ አንባቢዎች እንሠራዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የንብረት ገማች